48 ሕፃናት፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ከበሮ

የምክር ዓምድ

ደብዳቤው፦

«በጎንደር ከተማ ማራኪ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት የኦ ክፍል መምህርት ነኝ። 48 ልጆች አሉኝ፤ አብዛኞቹ 5 እና 6 ዓመታቸው ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ሙዚቃና እንቅስቃሴ የሚባል ክፍለ ጊዜ ተይዞልኛል፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን ያሳየኝ የለም። በራሴ ገንዘብ ትንሽ ስፒከር ገዝቼ ከስልኬ የልጆች መዝሙር እከፍትላቸዋለሁ። ገና ሲጀምር ይጯጯኻሉ፣ ይገፋፋሉ፣ አንዱ ሌላው ላይ ይወድቃል። ከዘጋሁት በኋላ መልሶ ማስቀመጡ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። አንድ ልጅ ስፒከሩን ስከፍት ጆሮውን ይዞ ዴስክ ሥር ይገባል። አንዲት ልጅ ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ አንድም ቀን ስትነቃነቅ አላየኋትም። ባለፈው ሳምንት አንድ አባት መጥተው ‹ልጄን የላክሁት ፊደል እንድታስቆጥሪልኝ ነው እንጂ ጭፈራ እንድታስተምሪልኝ አይደለም› አሉኝ። መሣሪያ የለንም፤ መግዣም የለንም። ክፍለ ጊዜውን ልተወው ወይስ መላ አለው?»

መልሳችን፦

መላ አለው፤ አይተዉት። ከጻፉልን ችግር አብዛኛው የልጆቹም የእርስዎም ጥፋት አይደለም፤ የመጣው ከስፒከሩ ነው።

የተቀዳ ዘፈን ልጅ አይጠብቅም። የ5 ዓመት ልጅ «እጃችሁን ወደ ላይ» የሚል ሲሰማ መጀመሪያ ቃሉን ይረዳል፣ ቀጥሎ እጁን ያስባል፣ ከዚያ ያነሳል። ይህ ከአዋቂ ይልቅ ጊዜ ይወስድበታል። እሱ እጁን ሲያነሳ ዘፈኑ እግር ላይ ደርሷል፤ እግሩን ሲያነሳ ዘፈኑ ራስ ላይ ነው። ሁለት ሦስቴ ከተቀደመ በኋላ መከተሉን ይተውና ሰውነቱ የለመደውን ያደርጋል፤ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ጎረቤቱን ይገፋል። 48 ልጆች በአንድ ጊዜ እንዲህ ሲያደርጉ ክፍሉ የተረበሸ ይመስላል። የእርስዎ ድምፅና እጅ ግን መጠበቅ ይችላሉ። የመጨረሻው ልጅ እጁን እስኪያነሳ ድረስ «ላ-ይ» የምትለዋን ቃል ጎትተው ሊያቆዩለት ይችላሉ።

በዚያ ላይ የድምፁ ጉልበት አለ። ቆርቆሮ ጣሪያና ሲሚንቶ ወለል ያለው ክፍል ድምፅ አይውጥም፤ መልሶ ይወረውረዋል። ልጆቹ ከስፒከሩ በላይ ለመሰማት ይጮኻሉ፣ እርስዎ ከልጆቹ በላይ ለመሰማት ስፒከሩን ይጨምራሉ፣ ጩኸቱም እየተደራረበ ይሄዳል። መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግዎትም፤ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ለቆመ ሰው ለመናገር ድምፅዎን ከፍ ማድረግ ካለብዎ ለልጆቹ ጆሮ በዝቷል። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ስፒከሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡት። በድምፅዎ፣ በጭብጨባና በአንድ ከበሮ ይሥሩ። መብራት የጠፋ ቀንም ክፍለ ጊዜዎ አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ልጆችን ከማንቀሳቀስ በፊት ማቆምን ማስተማር ያስፈልጋል። ብዙ መምህራን ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ መጀመሪያ ያስነሷቸውና ማቆሚያ የሚፈልጉት ነገሩ ከእጃቸው ከወጣ በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ማንም ልጅ አይነሳም። ሁሉም ዴስካቸው ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ ያድርጉ። እርስዎ ከበሮውን እኩል እኩል ሲመቱ እነሱ ጭናቸውን ይመታሉ። ከበሮው ዝም ሲል እጅ ራስ ላይ ይወጣል። «አቁሙ» አይበሉ፤ የራስዎን እጅ ራስዎ ላይ ያድርጉና ይጠብቁ። በመጀመሪያው ዙር ግማሹ ክፍል መምታቱን ይቀጥላል። አይቆጡ፣ የማንንም ስም አይጥሩ፤ የመጨረሻው እጅ እስኪወጣ ዝም ብለው ይቁሙ። ከዚያ እንደገና። አምስት ስድስት ዙር ለአንድ ቀን ይበቃል። አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ የምቱ ቁጥር እኩል አይሁን። አንዴ 8፣ አንዴ 5፣ ከዚያ 11፣ ከዚያ 3 ብቻ ይምቱ። ሁልጊዜ 8 ከሆነ ልጆቹ መስማቱን ትተው ቁጥሩን ይለምዳሉ፤ የምንፈልገው ደግሞ ጆሮአቸውን ነው። ዝምታውም በመጀመሪያው ቀን 3 ሰከንድ ያህል ይሁን፤ በሳምንቱ መጨረሻ 10 ሰከንድ ሊያደርሱት ይችላሉ። 48 ሕፃናት 10 ሰከንድ ሙሉ እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ትንፋሻቸውን ይዘው ሲጠብቁ ክፍሉ የእርስዎ ሆኗል።

በሁለተኛው ቀን ያንኑ ቆመው፣ እያንዳንዱ በዴስኩ አጠገብ፣ እግር ባለበት እየተነሳ። በሦስተኛው ቀን ብቻ ከቦታ ወደ ቦታ መሄድ ይጀመራል፤ እሱም በአንድ ጊዜ ግማሹ ልጅ ብቻ። የምትከተለዋን ስንኝ በራስዎ ዜማ ቢያስይዟቸው ትእዛዙን ራሳቸው ይዘምሩታል፦

እግሬ ሂድ፣ እግሬ ሂድ፣
ከበሮው ዝም ሲል ቁም እንደ ግንድ።

ይህን ሁሉ የሚያበላሽ አንድ ልማድ አለ፤ «ዝም በሉ!» ብሎ መጮህ፣ ወይም ከበሮውን ጠንክሮ መምታት። የማቆሚያው ምልክት ጩኸት ከሆነ ልጆቹ እስኪጮህባቸው መጠበቅን ይማራሉ። ምልክቱ የድምፅ መጥፋት ሲሆን ግን መስማት ግዴታቸው ይሆናል፤ ያልሰማ ልጅ ዙሪያውን ሲያይ ብቻውን እየሄደ ራሱን ያገኘዋል፣ በራሱም ይቆማል።

ስለ ፍጥነት። አዋቂ ሰው ደስ ብሎት የሚያጨበጭበው በደቂቃ 100 ገደማ ምት ነው። የትንንሽ ልጆች ተፈጥሯዊ ምት ከዚያ ይፈጥናል፤ ከ120 እስከ 140 ቢሉ ይቀርባል፤ እግራቸውም አጭር ነው። በራስዎ እርምጃ ከመቱላቸው ወይ ይቀድሙዎታል ወይ ይሮጣሉ። በሰዓትዎ ይለኩት፦ በ15 ሰከንድ ውስጥ ከ30 እስከ 35 ምት። ከዚህ የሚሻል ዘዴም አለ። አንዲት ልጅ ከበሩ እስከ ሰሌዳው እንድትራመድ ያድርጉና የእሷን እግር በከበሮ ይምቱ። እግሯ መሬት ሲነካ ዱም፣ ሲነካ ዱም። ስትቆም ይቁሙ። ስትፈጥን ይፍጠኑ። ከበሮው እግሯን እንደሚከተል ስታውቅ ፊቷ ላይ የሚታየውን ይመልከቱ፤ ሌሎቹም ተራ ለማግኘት ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አምስት ስድስት ልጅ እንዲህ ከተራመደ በኋላ «አሁን ደግሞ እናንተ ከበሮውን ተከተሉ» ቢሉ ነገሩ ገብቷቸዋል።

ምቱን በትክክል ካልጠበቁ አያርሟቸው። ከድምፅ ጋር እኩል መርገጥ በ4 እና 5 ዓመት ገና የሚበቅል ችሎታ ነው፤ የሚጠነክረው ከ6 እና 7 በኋላ ነው። እጁን ይዘው በግድ ሲያስመቱት ልጁ የሚያዳምጠው ከበሮውን ሳይሆን እጅዎን ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መባል አለበት። ከኢንተርኔት የሚወርዱት የእንግሊዝኛ መዝሙሮች አብዛኞቹ ለ«ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ» የተሠሩ በ4 የሚቆጠሩ ናቸው። የአካባቢያችን ዘፈን ብዙው በችክችካ ምት ነው የሚሄደው፤ እያንዳንዱ ትልቅ ምት ውስጥ ሦስት ትንንሽ ምት አለ። በ4 እየቆጠሩ ካስረገጡበት እግርና ዜማ አይገናኙም፣ ልጆቹም ይደናበራሉ። ትንንሾቹን ምቶች ለእርስዎ ጣት ይተዉ፤ ልጆቹ ትልቁን ብቻ ይርገጡ። አንድ-ሁለት-ሦስት-አራት-አምስት-ስድስት ብለው ሲቆጥሩ እግር የሚያርፈው አንድ ላይና አራት ላይ ነው።

ቦታ ላይ ሒሳብ እንሥራ። እጅ ለእጅ የተያያዘ ልጅ 60 ሳንቲሜትር ያህል ይይዛል። 48ቱ አንድ ክብ ቢሠሩ ዙሪያው 29 ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ ከጫፍ ጫፍ 9 ሜትር ከምናምን ይሆናል። እንዲህ ሰፊ የመማሪያ ክፍል የለዎትም። ክቡ እንቁላል ይሆናል፣ ከዚያ ይታጠፋል፣ ከዚያ መጎተትና መውደቅ ይመጣል። 24 ልጅ ሲሆን ግን ክቡ 4 ሜትር ተኩል ገደማ ይበቃዋል፤ ይህ ዴስክ ወደ ግድግዳ ከተጠጋ በክፍል ውስጥ፣ ካልሆነም በግቢ ያለ ጭንቀት ይሠራል። ስለዚህ ክፍሉን ለሁለት ይክፈሉት፦ ግማሹ ሲንቀሳቀስ ግማሹ ተቀምጦ ያጨበጭባል፣ ይዘምራል። ተቀምጠው ያሉት ሥራ ፈት አይደሉም፤ ለጓደኞቻቸው ሙዚቀኛ ናቸው፤ እነሱ ካላጨበጨቡ ጭፈራው ይቆማል። በየ2 ደቂቃው ይቀያየሩ። ከዚያ በላይ ከቆየ ተቀማጩ ይሰለቻል።

ግቢ ሲወጡ ለእያንዳንዱ ልጅ በጠመኔ ወይም በአመድ ክብ ያስምሩ፤ ስፋቱ ግማሽ ሜትር፣ በአንዱና በሌላው መካከል አንድ ሜትር። ክቡ የልጁ «ቤት» ነው፤ ከበሮ ሲቆም ሁሉም ወደ ቤቱ። ከመጀመርዎ በፊት ግቢውን ዞረው የሾለ ድንጋይና ሽቦ ያስለቅሙ። ነጠላ ጫማ ያደረገ ልጅ ሲዘል ይሰናከላል፤ ለዚያች ደቂቃ ያውልቅ፣ መሬቱ ካላመቸ ደግሞ በቦታው ይሥራ።

ክፍል ውስጥ ግን ጎንደር ላይ ሆነው ለጠባብ ቦታ የሚሆን እንቅስቃሴ ፍለጋ ሩቅ አይሂዱ። እስክስታ እግር ቆሞ ትከሻ የሚሠራበት ጭፈራ ነው፤ ልጆቹም ከሠርግና ከጥምቀት ያውቁታል። ዴስክ ላይ ተቀምጠው እንኳ ይሠሩታል። ችግር የሚመጣው በአዋቂ ፍጥነት ሲሰጣቸው ነው። ትከሻን ለብቻው ማዘዝ ስለማይችሉ ወገባቸውን ያወዛውዛሉ፣ አንገታቸውን ይወረውራሉ። ደረጃ በደረጃ ይስጧቸው።

መጀመሪያ ሁለቱም ትከሻ ወደ ላይ። «እኔ ምን አውቄ» ሲሉ የሚያደርጉትን ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። ትከሻ እስከ ጆሮ ይውጣና ሁለት ምት ይቆይ፣ ከዚያ ከባድ እንስራ እንዳወረደ ሰው ዱብ ይበል። አወራረዱ ላይ ይሥሩ፤ ትከሻው ልል ካልሆነ ቀጣዩ አይመጣም።

ሁለተኛ፣ ሁለቱም ትከሻ አንድ ላይ ወደ ፊት፣ አንድ ላይ ወደ ኋላ። እጅ የግድ ወገብ ላይ ይሁን። እጅ ከተንጠለጠለ ልጁ ክንዱን እያወዛወዘ ትከሻውን ያንቀሳቀሰ ይመስለዋል። እጅ ወገብ ላይ ሲሆን ክርኑ ይናገራል፤ ክርን ወደ ፊት ከሄደ ትከሻም ሄዷል። ከፊት ቆመው የ48 ልጅ ክርን በአንድ ጊዜ ማየት ይችላሉ።

ሦስተኛው አንዱ ወደ ፊት ሲሄድ ሌላው ወደ ኋላ የሚቀርበት ነው፤ ብዙዎቹ የሚቸገሩትም እዚህ ላይ ነው። የ5 ዓመት ልጅ ሁለቱን ጎኑን ለየብቻ ማዘዝ ይከብደዋልና ወገቡን ጠምዝዞ ያመልጣል። መድኃኒቱ ወገቡን ማሳረፍ ነው፦ ዳሌውና ወገቡ ከኋላው ያለውን ዴስክ ወይም ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥ፤ ጓደኛው ከፊቱ ቆሞ መንቀሳቀስ ያለበትን ትከሻ በሁለት ጣት ብቻ ይንካው። ቀኝ ይነካል፣ ቀኝ ይሄዳል፤ ግራ ይነካል፣ ግራ ይሄዳል። ፍጥነቱ ከተለመደው በግማሽ ይቀነስ። ያልሆነለት ልጅ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ይቆይ፤ ዓመት ሲጨምር ራሱ ይመጣለታል። ከሆነላቸው በኋላ ዴስክ የሚጋሩት ልጆች ፊት ለፊት ተያይተው አንዱ ሌላውን እንደ መስታወት ይከተል።

«እስክስ!» ሲሉ አራት ምት ያህል ትከሻ ይሠራል፣ ከዚያ እጅ ራስ ላይ። አንገት መወርወር በዚህ ዕድሜ አይፈቀድ፤ ጭንቅላታቸው ከአንገታቸው ጡንቻ አንጻር ከባድ ነው፣ የጎረቤት አፍንጫም አለ። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ያቁሙ፤ ትከሻ ቶሎ ይደክማል፣ የደከመ ትከሻ ደግሞ ይገትራል።

ዜማ ሲያወጡ ከየት እንደሚጀምሩ ያስቡ። ብዙ መምህራን በራሳቸው ምቹ በሆነ ወፍራም ድምፅ ይጀምሩና ልጆቹ ወደዚያ መውረድ ሲያቅታቸው ዜማውን ትተው ይጮኻሉ። የሕፃን ድምፅ ከአዋቂ ይቀጥናል፤ ስፋቱም ጠባብ ነው፣ አምስት ስድስት ድምፅ ቢሆን ነው። ልጅ ከግቢ ወዲያ ሆኖ እናቱን «እማ-ዬ!» ብሎ ሲጣራ የሚወጣው ከፍታ ጥሩ መነሻ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ በለሆሳስ ይጀምሩላቸው። የሚዘምር ክፍል የአጠገብ መምህር እንኳ ሊታገሰው ይችላል፤ የሚጮህን ግን አይችልም። ለማንኛውም የክፍለ ጊዜውን ሰዓት ከጎረቤት ክፍል መምህር ጋር ቀድመው ቢነጋገሩበት ይሻላል።

ክፍልዎ ውስጥ የክርስቲያንም የሙስሊምም ልጆች እንደሚኖሩ እንገምታለን። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን መዝሙርንም መንዙማንም ለጭፈራ አይጠቀሙ፤ ለሁለቱም ክብር ነው፣ ከወላጅ ጋር የሚመጣ ቅሬታም ይቀራል። ስለ እንስሳ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሰውነት ክፍል የሚሉ ስንኞች ራስዎ ይግጠሙ፤ ሁለት መስመር ቤት ከመታ ይበቃል።

መሣሪያ የለንም ላሉት፣ ለ48 ልጅ 48 መሣሪያ ቢኖርዎትም አንመክርዎትም ነበር። 8 ይበቃል፤ በተራ ይዞራል፣ ሌላው በእጁ ያጨበጭባል።

ከበሮ ከሌለ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ባዶውን ገልብጠው ቂጡን በመዳፍ ይምቱ። ክዳኑን ይክፈቱት፤ ሲዘጋ ድምፁ ይታፈናል። መሃሉ ወፍራም፣ ጠርዙ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ ወፍራሙ ለመርገጥ፣ ቀጭኑ ለጭብጨባ ምልክት ይሁን። እውነተኛ የቆዳ ከበሮ ካገኙ በርጥብ ቀን ቆዳው ይላላል፤ ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ላይ ሲያቆዩት ይወጠራል፣ እሳት ዳር ግን አያድርጉት፣ ይሰነጠቃል።

ለሚንሿሿው ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ይሰብስቡ። በደንብ ታጥቦ ሙሉ ለሙሉ ይድረቅ፤ ርጥበት ከቀረ ውስጡ ይሻግታል። ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ምስር ወይም ጥቃቅን ጠጠር ያስገቡ። ልጆች እስከ አንገቱ መሙላት ይወዳሉ፤ የሞላ ጠርሙስ ድምፅ የለውም፣ ፍሬው የሚወድቅበት ቦታ አጥቷልና። እህል ካስገቡ ቀድሞ ምጣድ ላይ ይታመስ፤ አለዚያ በሁለት ወር ውስጥ ነቀዝ ይፈላበታል። ሁለት ጠርሙስ ላይ ደቃቅ አሸዋ፣ ሁለት ላይ ምስር፣ ሁለት ላይ ባቄላ ቢያደርጉ እርስዎ ከልጆቹ ጀርባ ሆነው ሲያንሿሹ «የትኛው ነው?» የሚል ጥሩ የጆሮ ጨዋታ ያገኛሉ። ክዳኑን በኮላ አጣብቀው በፕላስተር ይጠቅልሉት፤ ታናናሽ እህት ወንድሞች እጅ ከገባና ከተከፈተ ፍሬው ትንፋሽ ያሳጣል።

የቆርኪ መሣሪያ ላይ አንድ ምስጢር አለ። ቆርኪው ውስጥ ያለችውን ስስ ላስቲክ በቢላ ጫፍ ካላወጧት ድምፁ አይጠራም። ላስቲኳ ከወጣች በኋላ ቆርኪውን ድንጋይ ላይ በመዶሻ ጠፍጥፈው ጠርዙን ያለዝቡ፣ መሃሉን በምስማር ይብሱ፤ ቀዳዳው ከሽቦው ሰፋ ይበል፣ ከጠበቀ አይንሿሿም። ባላ እንጨት ቆርጠው በሁለቱ ቅርንጫፎች መካከል ሽቦ ይወጥሩና ስድስት ቆርኪ ጥንድ ጥንድ አድርገው ይስኩበት። የሽቦው ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ በጨርቅ ይጠቅለል። ይህን ሥራ ወላጆች ቢሠሩት ደስ ይለናል፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል።

ማንኛውም መሣሪያ ልጅ እጅ ከመግባቱ በፊት «መሣሪያው ይተኛል» የሚለውን ይልመዱ፦ ጭን ላይ ጋደም፣ እጅ በላዩ። የተኛ መሣሪያ ድምፅ አያሰማም። እርስዎ እያስረዱ ሳለ የሚንሿሿ ጠርሙስ ካለ ማስረዳቱን ያቁሙና እስኪተኛ ይጠብቁ።

ዴስክ ሥር ስለሚገባው ልጅ። እጁን ከጆሮው ላይ በፍጹም አያላቅቁት። ለእሱ ድምፁ በእርግጥ ሊያመው ይችላል፤ ለማስቸገር አይደለም። ከስፒከሩ ነፃ የሆኑት ሦስት ሳምንታት ብዙውን ያቃልሉለታል። ቦታውን በር አጠገብ ያድርጉለት፤ ከመምታትዎ በፊት ዓይኑን አይተው እጅዎን ከፍ ያድርጉለት፣ ድንገት አይምጣበት። ከዚያ አንድ ቀን ከበሮው ላይ መዳፉን እንዲያሳርፍ ይጋብዙት፣ እርስዎ በሌላኛው ወገን በጣት ጫፍ ቀስ ብለው ይምቱ። ንዝረቱ በእጁ ይገባል። ቀጥሎ ራሱ ይምታ፤ ራስ የሚያወጣው ድምፅ ከሰው ድምፅ ያነሰ ያስፈራል። ጆሮው የሚያመው ወይም ፈሳሽ የሚወጣው ከሆነ፣ ስሙን ሲጠሩት ብዙ ጊዜ የማይዞር ከሆነ ግን ለወላጆቹ ይንገሩና ጤና ጣቢያ ይታይ።

የማትነቃነቀውን ልጅ በተመለከተ ጆሮን ማየት ይቀድማል። ከኋላዋ ሁለት ሜትር ርቀው ሳታይዎት ጀሪካኑን በጣት ቀስ ብለው ይንኩ። ትዞራለች? ሁልጊዜ ሌሎቹን አይታ ዘግይታ የምታደርግ ልጅ በደንብ የማትሰማ ልትሆን ትችላለች፤ ሐኪም ይያት። ከሰማች ደግሞ እያየች ነው የምትማረው፤ ቤቷ ስትገባ ሙሉውን ለእናቷ እየሠራች ሊሆን ይችላልና ይጠይቁ። «ዓይን አፋር ናት» ብለው በክፍሉ ፊት አይናገሩ፤ ቃሉ እንደ ስም ይለጠፍባታል። መሃል አስገብተው «በይ አንቺም» አይበሏት። ሥራ ይስጧት፦ ዝምታው ሲያበቃ የምትነግረው እሷ ትሁን። ክፍሉ በሙሉ ቆሞ የእሷን እጅ መውረድ ይጠብቃል። ይህ ራሱ እንቅስቃሴ ነው፤ ጣቷ ዴስክ ላይ ምቱን ከነካካም ተሳትፋለች ይበሉ።

አሁን ወደ አባትየው። ስጋታቸውን አይናቁት፤ ልጃቸው እንዲያነብ ነው የፈለጉት። መልሱን በቃል ከሚያስረዷቸው ያሳይዋቸው። አዘዞ የሚለውን ቃል ልጆቹ ያጨብጭቡ፦ አ-ዘ-ዞ፣ ሦስት ጭብጨባ፣ ሰሌዳ ላይም ሦስት ፊደል። ማራኪ፦ ማ-ራ-ኪ፣ ሦስትና ሦስት። ልጁ ፊደል የድምፅ ምት ምልክት መሆኑን በእጁ ይረዳል። ይህ ሲለመድ ፋሲል ይምጣ፦ ፋ-ሲል፣ ሁለት ጭብጨባ፣ ፊደሉ ግን ሦስት። ጎንደር፦ ጎን-ደር፣ ሁለት ጭብጨባ፣ አራት ፊደል። «የቀሩት የት ገቡ?» ብለው ይጠይቁ፤ ን፣ ር እና ል ከፊታቸው ባለው ድምፅ ላይ ተደግፈው እንደሚሄዱ፣ የራሳቸው ጭብጨባ እንደሌላቸው ጆሮአቸው ይነግራቸዋል። ሳድስ የሚለውን ስም ኋላ ይማሩታል። ቅደም ተከተሉን ግን አይገልብጡ፤ በጎንደር ከጀመሩ ግራ ይጋባሉ።

ሌላም አለ። ላላና ጥብቅ በጽሑፋችን ላይ አይታይም። «ገና አልመጣም» ያለውና የገና በዓል ሲጻፉ አንድ ናቸው። በጭብጨባ ግን ይለያሉ፦ ለላላው እጅ ነክቶ ቶሎ ይለቃል፣ ለጥብቁ ሁለቱ መዳፎች ተጣብቀው ትንሽ ይቆዩና ይለቃሉ። ዋና ስንል ውኃ ውስጥ የሚደረገውና ዋና ነገር የምንለውም እንዲሁ ናቸው። ይህን በእጁ የለየ ልጅ ኋላ ሲያነብ ዓረፍተ ነገሩን ሰምቶ ይመርጣል።

አባትየውን ወደ ክፍል ይጋብዟቸውና የልጃቸውን ስም በጭብጨባና በፊደል ያሳይዋቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ5 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ እንደሚመክር ይንገሯቸው። ከዚያ የባላ እንጨቱን ሥራ ይስጧቸው። በእጁ የሠራው መሣሪያ ክፍል ውስጥ ያለ ወላጅ ያን ክፍለ ጊዜ አይቃወምም።

ሰዓቱን በተመለከተ 18 ደቂቃ ያህል በቂ ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ፣ ሳይርባቸውና ሳይደክማቸው። ሁለት ደቂቃ መግቢያ ዜማ፣ አራት ደቂቃ ተቀምጦ ጭንና እጅ፣ አራት ደቂቃ ቆሞ ትከሻ፣ አምስት ደቂቃ በግማሽ ክፍል መሄድና መቆም፣ ሦስት ደቂቃ ማረፊያ። ጊዜ ካጠረ ከመሃሉ ይቁረጡ እንጂ ማረፊያውን አይንኩ። ግማሽ ሰዓት የፈጀብዎት እሱ ስለሌለ ነው፤ ልጆቹን ከሩጫ በቀጥታ ወደ ዴስክ ሰደዷቸው፣ ልባቸው ግን ገና እየሮጠ ነው። ምቱን ከ130 ወደ 100፣ ከዚያ ወደ 70 ቀስ በቀስ ያውርዱት፤ ራሳቸውን ዴስክ ላይ ያሳርፉና እሹሩሩ በሚባልበት ፍጥነት አብረዋቸው ይበሉ፦

ትንፋሽ ገባ ቀስ፣ ትንፋሽ ወጣ ቀስ፣
እጄ ጭኔ ላይ ነው ሌላው እስኪደርስ።

ስፒከሩን በአራተኛው ሳምንት ያውጡት፤ መጀመሪያም ለዚህ ማረፊያ ብቻ። ቃል የሌለው የዋሽንት ወይም የክራር ትዝታ ዝግ ባለ ድምፅ ይክፈቱ፤ ስልኩን ግን ገልብጠው ያስቀምጡት፣ ልጅ ምስል ካየ ጆሮውን ይዘጋልና። ሲጨርሱ በአንድ ጊዜ አያጥፉት። በ5 ሰከንድ ውስጥ እየቀነሱ ያጥፉት፤ በር አጠገብ የተቀመጠው ልጅ ድምፅ ድንገት ሲጠፋም ይደነግጣል።